የአሜሪካ አጨዳ በለፈ ኢሳ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ

ከሰፈራችን ከወንድሜ በቀር ጅጅጋን አልፎ የሄደ ሰው የለም። ስለዚህ ከተመለስኩ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ በር ላይ እያስቆመ ይጠይቀኛል። ሙቀቱስ? ግመሉስ? ምን አበሉህ? ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ተዋዋሱት ብዬ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ ድርሰት ላይ ግን ሁሌም ሰነፍ ነበርኩ። ጽሑፌ ሲደነቃቀፍ መንገዱም እንደዚያው ነበር ብላችሁ እለፉት።

ነገሩ የተጀመረው "እሺ" በማለቴ ነው።

ወንድሜ ደምሴ ታፔላ ጻፊ እንደነበር ታውቃላችሁ። የግማሾቻችሁ ሱቅ ላይ ያለው የሱ እጅ ነው። ሐምሌ ላይ ከጅጅጋ ወዲያ ለፈ ኢሳ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ የአንድ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕል ሳለ። አንድ የእህል ጉድጓድ ብቻ ሲቀረው ጥቁር ቀለም አለቀበት። ዕቃውን እዚያው ትቶ፣ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብሎ ወደ ሞጆ መጣ። እንደመጣ ወባ ያዘው። በአምስተኛው ቀን ቀበርነው። ስልኩ እኔ ጋ ቀረ። ጥቅምት ሲያልቅ ጠራ፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነው።

"ደምሴ! አንተ ውሸታም! ሁለት ሳምንትህ አላለቀም? ጉድጓዱ የታለ? ኅዳር መጨረሻ ላይ የልጄ ሰርግ ነው። እስከዚያ ካልመጣህ ግድግዳውን ኖራ አስቀባዋለሁ። ሰማህ?"

ሞቷል ማለት ነበረብኝ። ድምፃችሁ አንድ ነው ይሉን ነበር። "እሺ" አልኩና ዘጋሁት።

ለእናቴ ስነግራት ሽሮ እየነፋች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። "እሺ ካልክማ ሂድ። እጁ መጨረሻ የነካውን ነገር ኖራ ሳይበላው ፎቶ አንስተህ አምጣልኝ" አለች። ከዚያ ከሚስማሩ ላይ የደምሴን ነጭ ሸሚዝ አውርዳ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። ያ ሸሚዝ ከነሐሴ ጀምሮ እንደተሰቀለ ነበር። አላጠበችውም፤ ሌላ ሰውም እንዲያጥበው አልፈቀደችም።

ከመነሳቴ በፊት መጽሐፉን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለሱ ሥዕሉ አይገባችሁም። ትምህርት ቤታችን አሮጌ መጻሕፍት ሲጥል ደምሴ ያነሳው፣ ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። አሜሪካኖች ስለ አጨዳና ስለ ገበሬ የሳሏቸው ሥዕሎች አሉበት። ደምሴ በመዝገበ ቃላት እየተረዳ ከሥዕሎቹ ሥር የተጻፈውን ያነብና ያስረዳን ነበር። ነዶው ነዶ አይደለም፣ የአገር አንድነት ነው። ማጭዱ ማጭድ አይደለም፣ ሞት ነው። እርሻ መሐል ብቻውን የቆመው ሰውዬ ከጦርነት የተመለሰ ወታደር ነው፤ የሚያጭደው ስንዴ የሞቱ ጓደኞቹ ናቸው።

"ታዲያ ዳቦውን ማን ይበላዋል?" አልኩት።

"አንተ ሆድህን ብቻ ነው የምታስበው" አለኝ።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች የሚያጭዱት ቆመው ነው። የማጭዳቸው እጀታ ረጅም ስለሆነ ወገባቸው አይጎብጥም። እኛ ጋ ጤፍ ሲታጨድ ከመንገድ ላይ የሚታየው የሰው መቀመጫ ብቻ ነው፤ ማንም ያንን ስሎ የአገር አንድነት አይለውም። ደግሞ ዝንብ የለም፣ ላብ የለም። ሁሉም ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። እናቴ መጽሐፉን አንድ ጊዜ ብቻ አይታ፣ "ማን ሊያጥብላቸው ነው?" ብላ መልሳ ሰጠችን።

ጎንበስ ያለ ሰው ያለው አንድ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ጥጥ የሚለቅሙ ጥቁር ሴቶች ናቸው። ሥዕሉ ከክብሪት ሳጥን ትንሽ ይበልጣል። ደምሴ ያንን ገጽ ገልጦ ይቆይ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን። ከሞጆ ወደ ሐረር የሚሄድ አውቶቡስ መንገድ ላይ ቆሜ ያዝኩ። ወንበር ስላልነበረ እስከ አዋሽ የተቀመጥኩት ጀሪካን ላይ ነው። ጀሪካኑ ውስጥ የምግብ ዘይት ኖሮ ክዳኑ ላላ። አዋሽ ስደርስ የሱሪዬ መቀመጫ ተጠብሷል ማለት ይቻላል። ከጎኔ የነበሩ እናት "አይዞህ የኔ ልጅ፣ ሙቀቱ ያደርቀዋል" አሉኝ። ዘይት እንደማይደርቅ እሳቸውም ያውቃሉ።

ጭሮ ምሳ በላን። ከዚያ ወዲያ ተራራ ነው፤ ተራራው ሁሉ ማሽላ ለብሷል። እኛ ጋ ጤፍ ጉልበት ድረስ ነው፤ እዚህ ማሽላው ከአውቶቡሱ መስኮት በላይ ይቆማል። ሐረር ያደርኩበት አልጋ ርካሽ ነበር። ትኋኖቹ ዘይት ይወዳሉ መሰለኝ፣ ሱሪዬን ለብሼ ስለተኛሁ ሁሉም እዚያ ሰፈሩ።

ሁለተኛው ቀን። ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚኒባስ። ባቢሌ ላይ ትኩስ ለውዝ በመስኮት ይገባል። ከዚያ ትልልቅ ድንጋዮች አንዱ ባንዱ ላይ ቆመዋል። ሰው ያየ ሁሉ ይደነቃል፤ እኔ ግን አፌ ለውዝ ሞልቶ ስለነበር አልተደነቅሁም።

ካራማራ ላይ ፍተሻ አለ። ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ ከሸሚዙ ሥር የቆርቆሮ ጣሳ አወጣ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ጥቁር ቀለም ነው።"

"ለምን?"

"ለፈ ኢሳ ጉድጓድ ልስልበት።"

ጓደኛውን ጠራው። "ና ስማ! ይሄ ልጅ ጉድጓድ ሊስል ለፈ ኢሳ ይሄዳል። ጉድጓድ እኮ ይቆፈራል እንጂ አይሳልም ወንድሜ።" ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከነሐሴ ወዲህ መጀመሪያ መሳቄ መሆኑን ያወቅሁት መኪናው ተራራውን መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው። ከታች ሜዳው ተዘርግቷል። ያን ያህል ሜዳ አይቼ አላውቅም።

ጅጅጋ ነፋስ ናት። አቧራው አይተኛም። ያረፍኩት እትዬ ዘነበች ቤት ነው፤ የእናቴ አብሮ አደግ ናት፤ እዚያ ገበያ በርበሬና ቅመም ስትሸጥ ሃያ ዓመት አልፏታል። አማርኛዋ ያው የሞጆ ነው፤ "እሺ" በማለት ፈንታ ግን "ሀዬ" ትላለች። እራት ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረበች፤ ከጎኑ ሙዝ አለ። ሙዙን ለመጨረሻ አስቀመጥኩት።

"ወረያ!" አለች፣ "አንተ!" ማለቷ ነው። "ሙዙን ከሩዙ ጋ ነው የምትበላው!"

"አብረው?"

"ታዲያ ለሙዙ ሌላ ምሳ ላብስልለት?"

ቀመስኩት። ይጣፍጣል። ለእናቴ ስነግራት አላመነችም፤ እናንተም አታምኑም።

እትዬ ዘነበች ስለ ደምሴ ጥያቄ አላበዛችም። ወደ ለፈ ኢሳ ሲሄድ እሷ ጋ ነበር ያደረው። "ይቺን ፍራሽ ነው የተኛባት" አለችና መብራቱን አጠፋችው። ለምን እንደነገረችኝ እስካሁን አልገባኝም። ግን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ሦስተኛው ቀን። ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ። ሜዳው ላይ አጨዳ ነው። የማሽላውን አገዳ አጭደው እንደ ጎጆ እያቆሙ ይከምሩታል። ከሩቅ መንደር ይመስላል፤ ሲቀርቡት ሰው የለም።

ወፍጮ ቤቱ ከመንገዱ ዳር ነው። ገና ከመኪናው ሳልወርድ ግድግዳውን አየሁት።

ስምንት ሰዎች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ረጅም እጀታ ያለው ማጭድ ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከኋላቸው ቀይ የአሜሪካ ጎተራ አለ። ሁለት ፈረሶች ገለባ የጫነ ጋሪ ይጎትታሉ። አጠገባቸው ግመል አለ። መጽሐፉ ውስጥ ግመል የለም። ግመሉ አሜሪካኖቹን ከላይ ወደ ታች ያያቸዋል፤ እንደ ዕዳ ጠያቂ ሳይሆን እንደ አማት ነው የሚያያቸው። ከሁሉም ፊት ለፊት ደግሞ፣ ከወንዶቹ በእጥፍ ገዝፈው፣ ሦስት ጥቁር ሴቶች ጎንበስ ብለው ማሽላ ያጭዳሉ። ከክብሪት ሳጥኑ ገጽ አውጥቷቸዋል። በስተቀኝ ከታች ባዶ ቦታ አለ። ደምሴ በክር የሚያሰምረው የጠመኔ ካሬ እዚያው እንዳለ ነው።

"ወረያ! ምን ያስቆምሃል?" አለ ከበሩ አንድ ሽማግሌ። ጢሙ ሒና፣ ቅንድቡ ዱቄት ነው።

"ሥዕሉን እያየሁ ነው።"

ጠጋ ብሎ አፈጠጠብኝ። "ይሄ ድምፅ... ደምሴ ነህ? አጠርክ እንዴ?"

"ታናሹ ነኝ።"

"አሃ! አንተን ላከ! እሱ ማፈሩ ነው! ሂቦ፣ ነይ እይ፣ ውሸታሙ ወንድሙን ላከ! ወር ሙሉ አበላሁት፣ ግመል ወተት አጠጣሁት። እህሌን ሜዳ ላይ ትቶልኝ ጠፋ! ያየው ሁሉ፣ ፋራህ፣ እህልህን ማን ሊጠብቅልህ ነው እያለ ይስቅብኛል። ጉድጓዱ የታለ? እህል አጭደህ ጉድጓድ ካልከተትከው ምኑን አጨድከው?"

ሂቦ ልጁ ናት፣ ሙሽራዋ። አማርኛዋ ከኔ ይጠራል። እሷ ፊቴን አይታ ቀድማ ገባት። "አቦ፣ ተው" አለችው። አልተወም። ደምሴን አህያ አለው፤ የአህያ ልጅ አለው፣ ያው እኔንም ይጨምራል። ጋብ ሲል ነገርኩት።

"ሞቷል። ነሐሴ ላይ።"

"በስልክ እሺ ያለኝ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ወደ ውስጥ ገባና ወፍጮውን አጠፋው። ወረፋ የያዙት ሴቶች ጮሁ። በሶማልኛ አንድ ነገር ነገራቸው። ያ ወፍጮ በሥራ ቀን ቆሞ አያውቅም ብላ ሂቦ ኋላ ነገረችኝ። ተመልሶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

"ሦስት ወር ሙሉ ሬሳ ስሰድብ ከርሜያለሁ" አለ። "ሂቦ፣ ምን ምን አልኩት?"

"አህያ ብለኸዋል።"

"እሱንስ በሕይወት እያለም ብዬዋለሁ። ሌላ?"

"ሌባ።"

"ሌባ አይደለም" አለና ጢሙን ያዘ። "ሌባ አልነበረም።"

ያን ቀን ቤታቸው አሳደሩኝ። ያረፍኩበት ክፍል ውስጥ የደምሴ የቡሩሽ ሳጥንና መጽሐፉ በንጹህ ሽርጥ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አዴር ፋራህ እንድለው ነገረኝ፤ አዴር አጎት ማለት ነው። የሚገርመው እሱም እኔን አዴር ይለኛል። እናት ልጇን እማዬ እንደምትለው እኛ ጋ።

አራተኛው ቀን። ሲነጋ "አዴር፣ ጉድጓድ አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"ያላየኸውን ልትስል መጣህ?"

"ክብ ጥቁር ነገር መስሎኝ ነበር።"

"ወንድምህም እንደዚያ ነበር ያለው። ዛሬ የአምናውን እንከፍታለን። እህሉን አስፈጭቼ ለሱ ሰደቃ እሰጣለሁ።"

"ደምሴ እኮ ክርስቲያን ነው።"

"እህሉ ያውቃል?"

ከከተማው ወጣ ብሎ እርሻው ዳር ሄድን። ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ መሬት ነው። አንድ ጎረቤቱ በዶማ ቆፈረ። አፈር፣ ከዚያ ገለባ፣ ከዚያ ጠባብ አፍ። ውስጡ እየሰፋ ይሄዳል፤ እንደ እንስራ ነው። አፉ ሲከፈት ሞቅ ያለ ኮምጣጣ ሽታ ወጣ። ጠጋ ስል አዴር ፋራህ በአንገቴ ያዘኝ።

"ቆይ! መጀመሪያ ይተንፍስ። ተከፍቶ ወዲያው የገባበት ሰው አይወጣም።"

ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሻይ በወተት ጠጣን። መጽሐፉን ይዤ ስለነበር ገለጠው። ገጽ በገጽ አየው።

"አገዳውን ማን ይበላዋል? አንድም ግመል የለም።"

"ገለባው ለጌጥ ነው" አልኩት። "ነዶው የአገር አንድነት ነው። ማጭዱ ሞት ነው።"

"ማን አለ?"

"መጽሐፉ።"

"ይሄን የጻፈው ሰው እህል አያውቅም። ማጭድ ምን አደረገ? ማጭድ የቆረጠውን እኔ እከተዋለሁ። ስፈልግ አወጣዋለሁ።" መጽሐፉን ዘጋው። "ለወንድምህም ነግሬዋለሁ። ሲሰማኝ ሳቀና ጠመኔውን አነሳ፤ ያን ባዶ ቦታ ያን ቀን ነው ያሰመረው።"

ፋኖስ ለኩሰው በገመድ አወረዱ። እሳቱ ከጠፋ ማንም አይገባም። ሁላችንም አፉን ከበን አየን። ነበልባሉ ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ ሆነ። ከዚያ ቀጥ አለ።

"ከመሐላችን ቀጭን ማነው?" አለ አዴር ፋራህ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ያን ዕለት የለበስኩት የደምሴን ነጭ ሸሚዝ ነው። ሌላው ልብሴ ዘይት ዘይት ስለሚል። አውልቄ ልግባ አልኩ፤ ሂቦ ቆማለችና አፈርኩ። እንደለበስኩት ወረድኩ። እህሉ እስከ ጭኔ ዋጠኝ። ሙቅ ነው። ላይ ያሉት ሰዎች ድምፅ ይርቃል። መቃብር ውስጥ የገባሁ መሰለኝ ብል የምትጠብቁትን መንገሬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያሰብኩት ስለ አፍንጫዬ ነው፣ አቧራው ያስነጥሳል። ጆንያ እየሞላሁ በገመድ አስይዣለሁ፣ እነሱ ይጎትታሉ። ከስድስተኛው ጆንያ በኋላ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም። ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው።

"አዴር! ደህና ነህ?"

"እሺ!" አልኩ።

ገመዱ ቆመ። ከዚያ አዴር ፋራህ፣ "ያንን ቃል ሁለተኛ እንዳትለኝ!" ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ጉድጓዱን ሞላው። ሁለት ሰው ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ሸሚዙ መሬት መስሏል።

አምስተኛው ቀን። እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። ሥራዬ መሰላል መያዝና ቡሩሽ በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ ማጠብ ነበር። ግን በካሬ መሳልን ደምሴ አሳይቶኛል፤ ካሬዎቹን ደግሞ ራሱ አስምሯቸዋል። ጥቁሩን ክብ ቀባሁ። ጨርሼ ወደ ኋላ አልኩ። ጥቁር ክብ ብቻ ነው። ምን እንደሚመስል ለመናገር ማንም አልደፈረም።

አዴር ፋራህ ለረጅም ጊዜ አየው። "ባዶ ጉድጓድ አልፈልግም" አለ። "ለሰርግ ቤት ጥሩ አይደለም። ሰው አድርግበት።"

"ሰው መሳል አልችልም።"

"ግመል ሳል አልልህም። ሰው ቀላል ነው፣ ሁለት እግር። እሱም ከታች ነው፣ አይታይም።"

ስለዚህ ከወገቡ በላይ ሳልኩት። ጆንያ ወደ ላይ ያቀብላል። ነጭ ቀለም ተርፎ ስለነበር ነጭ ሸሚዝ አለበስኩት፤ እንደ አሜሪካኖቹ። ፊቱ ሦስት ጊዜ ተበላሸ። በመጨረሻ ድንች መሰለ። ጆሮዎቹ ብቻ ተሳኩ። የደምሴን ጆሮ ታውቃላችሁ፣ ከራሱ ቀድመው የሚመጡ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከኋላ እያየኋቸው ነው ያደግሁት።

ለማስፈጨት የመጡ ሴቶች ተሰበሰቡ። አንዷ ጠየቀች፣ ሂቦ ተረጎመችልኝ። "ሰውዬው እየገባ ነው እየወጣ?"

ለመመለስ አፌን ስከፍት አዴር ፋራህ ቀደመኝ። በሶማልኛ ቆጣ ብሎ መለሰላት፤ ሴቶቹ ሳቁ።

"ምን አላት?" አልኳት ሂቦን።

"ሥዕሉ ላይ ፋኖስ የለም፤ ፋኖሱን ከማውረዳችን በፊት ማን ያስገባዋል አላት። እየወጣ ነው።"

ኖራው ቀረ። ለኖራ የተዘጋጀውን ባልዲ ሂቦ አበባ ተከለችበት። ፎቶውን በደምሴ ስልክ አነሳሁ። ለሰርጉ ቆይ ብለውኝ ነበር፤ እናቴን ብቻዋን መተው አልሆነልኝም። አዴር ፋራህ አይሱዙው ድረስ ሸኘኝ። ከአምናው ማሽላ አንድ ቋጠሮ ሰጠኝ። "ለእናትህ። ይሸታል በላት፣ ሽታው ነው ደጉ።"

መመለሻውን አልጽፍም፤ ያው መንገድ ነው፣ ጀሪካኑ ብቻ ተቀይሯል።

ፎቶውን እዚህ ፎቶ ቤት አሳጥቤ ለእናቴ ሰጠኋት። መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው። ስለ ግመሉም፣ ስለ ጎተራውም፣ ስለ ሴቶቹም አልጠየቀችም። ጣቷን ጥጉ ላይ አሳረፈች።

"ይሄን እሱ አይደለም የሳለው።"

"አይደለም።"

"ጆሮው ግን የሱ ነው።" ፎቶውን መስኮቱ ደፍ ላይ አቆመችው። ከዚያ ደግሞ፣ "ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እህል ጉድጓድ? ማን ሊያጥብለት ነው?"

እየቀለደች ነው የመሰለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ግን ሻንጣዬን ከፍታ ሸሚዙን አውጥታለች። የለፈ ኢሳ አፈር እጇ ላይ ረገፈ። አላሸተተችውም፤ አልሳመችውም። ሳፋውን አውርዳ ውሃ ሞላችበት።

"ምን ትገተራለህ?" አለችኝ። "ሂድ ሳሙና ግዛ።"